የወፏ ልብስ

አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ
ጥቅምት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለፌቨን እናት፣ አዳማ

እንደምን ከረምሽ? እኔ ደህና ነኝ። ልጃችን ፌቨን እንዴት ናት? ሕፃኑስ መሳቅ ጀመረ ወይ? ባሏንም ሰላም በይልኝ።

ይህን የሚጽፈው ሽመክት ነው። ሴቻ ፍርድ ቤቱ በር ላይ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ለባለጉዳይ ማመልከቻ የሚጽፈው፣ ታውቂዋለሽ። መጀመሪያ «ጉዳዩ፦ ስለ ወፍ አያያዝ ምላሽ መስጠትን ይመለከታል» ብሎ ጀምሮ ነበር። «ሚስቴ ናት እንጂ ዳኛ አይደለችም» አልኩት። «ጋሽ ካሱ፣ እኔ እስካሁን ዳኛ ያልሆነች ሚስት አላየሁም» አለኝ። ወረቀቱን አስቀደድኩት። አሁን እኔ የምለውን ብቻ ይጽፋል።

ስልክ ስደውል ዘጋሽብኝ። ሁለተኛም ዘጋሽ። በሦስተኛው ፌቨን አንስታ «እማዬ፣ በስልክ ይጮህብኛል፣ የሚለው ካለ አስጽፎ ይላክ ብላለች» አለችኝ። እሺ። ያኔ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ አንቺ ፊደል ስትቆጥሪ እኔ «ጢም ያላበቀለ ልጅ አያስተምረኝም» ብዬ ቀረሁ። ደብተርሽን አቅፈሽ ስትመለሺ እስቅብሽ ነበር። ዛሬ ተራው ያንቺ ነው፣ ሳቂ።

ስለ ወፏ የጠየቅሽኝን ሽመክት አንብቦልኛል። ትበላለች። ዳጉሳ እሰጣታለሁ፣ ሙዝም እቆርስላታለሁ። ውሃዋን በየጠዋቱ እቀይራለሁ። ማታ ማታ የሽቦ ጎጆዋን እሸፍን እንደሆነ ጠይቀሻል። አልሸፍንም። ለምን ካልሽ፣ ወፍ ስለሆነች ነው። ጫካ ያሉትን ማን ይሸፍናቸዋል? ሳይሸፈኑ አድረው ጠዋት ሲንጫጩ አትሰሚም?

ስለ ጋቢው ደግሞ የጻፍሽውን ሰምቻለሁ። በሚያዝያ ልጁን ቀበርን። የሞተ ሰው ልብስ ከአርባው በኋላ እቤት አያድርም። አባቴም እንዲህ አድርጓል፣ የአባቴም አባት። ሱሪውን፣ ሸሚዙን፣ ጫማውን ለችግረኛ ሰጠሁ፤ አንቺም አይተሻል። ጋቢው ብቻ ቀረ፣ አንቺ ማታ ማታ የወፏን ጎጆ እያለበስሽበት። ወስጄ ጫኖ መንደር ለአንድ የሙዝ እርሻ ጠባቂ ሰጠሁት። ያን ዕለት ማታ «ወፏን ምን ላልብሳት?» አልሽኝ። «ወፍ ልብስ አትለብስም» አልኩሽ። በሳምንቱ «ፌቨን ልትወልድ ነው» ብለሽ በሰኔ ተነሥተሽ ሄድሽ። ፌቨን የወለደችው ነሐሴ መጨረሻ ነው። ፊደል አላውቅም እንጂ ወር መቁጠር አውቃለሁ።

አገርነሽ ከጎረቤት ምግብ ታመጣልኛለች። ጨው የሚባል ነገር አታውቅም። እኔ በደንብ እተኛለሁ።

ካሱ (የአውራ ጣት አሻራ)


አርባ ምንጭ
ኅዳር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለፌቨን እናት

ሰላምታዬ ይድረስሽ። «እኔ የፌቨን እናት ብቻ አይደለሁም» ብለሽ የጻፍሽውን ሰማሁ። ወደ ሌላው ልለፍ።

አዎ፣ መብራቱ እውነት ነው። ማን እንደነገረሽ አላውቅም፤ አገርነሽ መሆን አለባት፣ ስልክና ምላስ አላት። ከቤታችን ፊት ለፊት አዲስ የመንገድ መብራት ተክለዋል። ብርሃኑ በመስኮት ገብቶ በቀጥታ ጎጆዋ ላይ ያርፋል። ሌሊቱን ቀን ይመስላታል። ትጮሃለች፣ ሽቦውን ትነክሳለች። ሞተር ሳይክል ባለፈ ቁጥር እየበረረች ከሽቦው ጋር ትጋጫለች። መዝጊያ የለውም ወይ ብለሽ እንዳትጠይቂኝ፤ መስኮቱን ከዘጋሁ በዚህ ሙቀት ሁለታችንም እንበስላለን።

አንቺ የፌቨን ስልክ ላይ አነበብኩ ብለሽ ወፍ አሥር፣ አሥራ ሁለት ሰዓት በጨለማ መተኛት አለባት፣ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት መሸፈን አለባት፣ አየር እንዲገባ አንድ ጎኑ ይከፈት ብለሻል። ሽመክት ይህን ሲያነብልኝ «ጋሽ ካሱ፣ የመንግሥት ሠራተኛ እንኳ አሥራ ሁለት ሰዓት አይተኛም» አለኝ። እኔም ገርሞኛል። ግን እንዳልሽው አደረግሁ፤ ሸፍኛታለሁ። በማዳበሪያ ከረጢት ነው። አንዱን ጎን ቀድጄ አየር ከፍቼላታለሁ። ንፋስ ሲነካው ይንኮሻኮሻል እንጂ ይከልላል።

በሸማ ለምን አልሸፈንካትም ያልሽውን ሌላ ጊዜ እመልሳለሁ።

ጨንቻ ያለው ወንድሜ ቆጮ ላከ። ሕፃኑን ሳሚልኝ። ወፏ ደህና ናት። እኔም ደህና ነኝ። እንተኛለን።

ካሱ (አሻራ)

ወይዘሮ አገኘሽ፣ ይህችን መስመር የጨመርኩት እኔ ሽመክት ነኝ፤ ጋሽ ካሱ አያውቁም። ወፏ ደህና አይደለችም። የደረቷን ላባ እየነቀለች ነው፣ ቆዳዋ ይታያል። እሳቸውም አይተኙም። ጠዋት ወደ እኔ ሲመጡ ዓይናቸው ቀልቶ ነው የሚመጡት። ጽፌ የማደርስ ሰው ነኝና ውሸት ብቻ አድርሼ ልኮነን አልፈልግም። ይቅርታ።


አዳማ
ታኅሣሥ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዮናስ አባት

እንደምን ሰነበትክ? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። ሕፃኑ ስቋል።

ስሙን እየጻፍኩልህ ነው። ዮናስ ከተወለደ ጀምሮ ሠላሳ አራት ዓመት አንተ እኔን «የዮናስ እናት»፣ እኔም አንተን «የዮናስ አባት» ስንባባል ኖርን። በራስህ ስም ጠርቼህ አላውቅም። የቀበርነው ዕለት ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰህ ደጃፉ ላይ ቆመህ «የፌቨን እናት፣ ውሃ ስጪኝ» አልከኝ። ሰው ሁሉ ሰማ። ውሃውን ሰጠሁህ። ግን በዚያ ቀን ልጄ ሁለት ጊዜ ተቀበረ። ከዚያ ወዲህ ስሙን ከአፍህ ሰምቼ አላውቅም። ልብሱንም ሰጠህ፣ ስሙንም የሰጠኸው ይመስለኛል።

ወፏን የሰጠኝ እሱ ነው። ሙዝ ጭኖ እያሽከረከረ ወደ አዲስ አበባ በተመላለሰ ቁጥር ባዶ እጁን አይመጣም። ያን ቀን ከወንበሩ አጠገብ ጎጆዋን በሸሚዙ ሸፍኖ አመጣት። «እማዬ፣ ማታ ማታ ካልሸፈንሻት አትተኛም» ብሎ አስጠነቀቀኝ። እኔ እሱ ያለኝን ነው ስሠራ የነበረው። አንተ ግን ያበድኩ መሰለህ።

ጸሐፊህ እንደነገረኝ ላባዋን እየነቀለች ነው። ማዳበሪያ ከረጢት ምን ማለት ነው? አንተ ሸማኔ ነህ። የጨንቻ ሸማኔ ልጅ፣ የሸማኔ የልጅ ልጅ። ስንቱን ሙሽራ አልብሰህ ለአንዲት ወፍ ሁለት ክንድ ጨርቅ አቃተህ? ለምን? ይህን ብቻ መልስልኝ።

የዮናስ እናት አገኘሽ


አርባ ምንጭ
ታኅሣሥ 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአገኘሽ

ሰላም ለአንቺና ለቤተሰቡ።

ሽመክት ደብዳቤሽን ሲያነብልኝ «ጸሐፊህ እንደነገረኝ» የሚለው ጋ ሲደርስ ሳል ያዘው። «አንብብ» አልኩት። «ጋሽ ካሱ፣ እዚህ ጋ ቀለሙ ፈስሷል» አለኝ። ፊደል ባላውቅም ቀለም የፈሰሰበትን ወረቀት ካልፈሰሰበት እለያለሁ። ፍርድ ቤቱን የሚጠብቀውን ዘበኛ ጠርቼ አስነበብኩት። ከዚያ ዱላዬን አነሣሁ። ሽመክት ተነሥቶ ዛፉን ዞረ፣ እኔም ተከተልኩት። ሁለታችንም ሽማግሌዎች ነን። ሁለት ዙር ዞረን ደከመን፣ ተቀመጥን። ባለጉዳዩ ሁሉ ሳቀብን። ይህንንም ራሱ ነው የሚጽፈው፣ ይኸው እየሳቀ። ከአሁን ወዲያ ደብዳቤው ሲያልቅ ዘበኛው ያነብልኛል፣ ከዚያ እፈርማለሁ።

አዎ፣ ላባዋን ትነቅላለች። ደረቷ የዶሮ ጫጩት መስሏል። የደበቅሁሽ ከሩቅ ሆነሽ ምን ታደርጊያለሽ ብዬ ነው።

ሸማውን ለምን አልሠራህም ብለሻል። አንድ ጊዜ እነግርሻለሁ፣ ደግመሽ እንዳትጠይቂኝ።

ልጁ የሞተ ዕለት ድር ላይ የነበረው ለሠርጉ የጀመርኩት ኩታ ነበር። ግማሽ አልደረሰም። በእኛ ሙያ ያላለቀ ድር አይቆረጥም። ሸማኔው ቢታመም ወንድሙ ይጨርሰዋል፣ ወንድሙ ባይኖር ልጁ። አስከሬኑን ሲያመጡ ሰዎቹ ለመገነዣ አቡጀዲ ሊገዙ ወደ ገበያ ሊሄዱ ነበር። «ቁሙ» አልኳቸው። ጓዳ ገብቼ ምላጩን አንስቼ ቆረጥኩት። አንቺ አላየሽም፤ ሴቶቹ ይዘውሽ ነበር። በዚያው እጄ ሸፈንኩት። ፊቱን መጨረሻ ነው የሸፈንኩት። ጨርቁ ስላልበቃ እግሩ ላይ አቡጀዲ ቀጠሉበት። የእኔ ሸማ ለልጄ አልበቃም።

ከዚያ ወዲህ ጨርቅ አንስቼ የሚተነፍስ ነገር ላይ ልጥል ስል እጄ ይቆማል። ብርድ ልብስ እንኳ ራሴ ላይ አልጥልም። ከረጢቱን የቻልኩት ጨርቅ ስላልሆነ ነው።

ሽመክት «ይህን ልጻፈው?» አለኝ። ጻፈው አልኩት።

ያው ጋቢ ይመለስ ካልሽ ጫኖ ሄጄ አመጣዋለሁ። የሰጡትን መልሶ መጠየቅ ነውር ነው። ነውሩን እኔ እሸከመዋለሁ። ጥምቀት ይለፍ።

ካሱ (አሻራ)


አርባ ምንጭ
ጥር 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዮናስ እናት

ከላይ የተጻፈውን ስም አይተሻል። ሽመክት «እንዲህ ልበል? እርግጠኛ ነዎት?» ብሎ ሁለት ጊዜ ጠየቀኝ። ምክንያቱን እነግርሻለሁ።

ጥምቀት በዋለ በሦስተኛው ቀን ጫኖ ሄድኩ። ጠዋት ነው። ጠባቂው ከሥራ ወጥቶ በሙዙ መሀል በቦዩ ዳር ወደ ቤቱ ይሄድ ነበር። ከኋላው አየሁት። ጋቢውን ደርቦ አንዱን ጫፍ በግራ ትከሻው ወደ ኋላ ወርውሮታል። እንደዚያ የሚለብስ አንድ ሰው ብቻ ያለ ይመስለኝ ነበር። አፌ ቀደመኝ። «ዮናስ!» አልኩ። ቀስ ብዬ አይደለም። አንቺ ጩኸት የምትይው ዓይነት ነው።

ሰውየው ዞረ። ጺሙ ሽበት ነው። «አበበ ነኝ አባቴ። ማንን ፈለጉ?» አለኝ።

«አንተን ነው» አልኩት። ሌላ የምለው አልመጣልኝም።

ቦዩ ዳር ተቀመጥን። «ይህን ጋቢ የሰጡኝ እርስዎ ነዎት፣ አስታወስኩዎት። በቆላ ሌሊት ይበርዳል ቢሉት ማንም አያምንም፤ ውሃ አጠገብ ለሚያድር ሰው ግን ይበርዳል። ፈጣሪ ይስጥዎ። የማን ነበር?» አለኝ። ነገርኩት። የጀመርኩት ከተወለደበት ቀን ነው። መኪናውን፣ ሙዙን፣ ሠርጉን፣ ወፏን፣ ያልበቃውን ኩታ፣ ሁሉንም ነገርኩት። እስከ ምሳ ሰዓት አልጨረስኩም። ስሙን ስንት ጊዜ እንደጠራሁ አላውቅም። በመሀሉ ዓይኔ ውስጥ አቧራ ገባ። ሽመክት «ጫኖ መስኖ ነው፣ አቧራ ከየት መጣ?» ይለኛል። ዝም ብለህ ጻፍ ብዬዋለሁ።

ጋቢውን አልጠየቅሁትም። አፍሬ እንዳይመስልሽ። ሰውየውን ሞቆታል። የሞቀውን ሰው ገፍፌ ወፍ አላለብስም።

እቤት ገብቼ የሸማ መሥሪያውን ጉድጓድ ጠረግሁ። ሸረሪት ድሯን ሠርታበታለች፤ እሷ እንኳ ሥራ አልፈታችም። ድር አደራሁ። የመጀመሪያውን ክንድ ስሠራ መወርወሪያው ሦስት ጊዜ ከእጄ ወደቀ። በአራተኛው ያዝኩት። በአራት ቀን አንድ መሸፈኛ አወጣሁ፣ ጠንካራ፣ ወፍራም። ሸፈንኳት። ጠዋት ስገልጣት አፏን ከፍታ፣ ክንፎቿን ከገላዋ አርቃ እያለከለከች ቆማለች። አገርነሽ ጨርቁን በጣቷ ለካችና «ምነው ጋሼ፣ ወፏን ጨንቻ ልትድራት ነው?» ብላ ሆዷን ይዛ ሳቀች። እውነቷን ነው። ደጋ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ፤ ለእኛ ልብስ ማለት ወፍራም ማለት ነው። አርባ ዓመት ቆላ ስኖር እግሬ ቆላን ለመደ፣ እጄ ግን ገና ደጋ ነው።

ፈታሁት። ክር በክር ፈታሁት። ከዚያ ሁለት ሌሊት አሰብኩበት። ብርሃን የማያስገባ ወፍራም ነው፤ አየር የሚያስገባ ሳሳ ያለ ነው። ሁለቱ እንዴት ይታረቃሉ? በመጨረሻ ቀጭኑን ፈትል መረጥኩ፣ ጥቁር ሰማያዊ የተነከረውን። ማጉን ሳልጠቀጥቅ ላላ አድርጌ ሠራሁትና እንደ ጋቢ ደረብኩት። የአንዱ ቀዳዳ የሌላው ክር ላይ እንዲያርፍ ነው። በመብራቱ አቅጣጫ ይዤ አየሁት፤ ብርሃኑ ይቀራል፣ ትንፋሽ ያልፋል። ጥለት አላገባሁበትም። ወፍ አታጌጥም።

አሁን ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እሸፍናታለሁ፣ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እገልጣታለሁ። በግድግዳው በኩል ያለውን ጎን ክፍት እተወዋለሁ። ትተኛለች። ስገልጣት አንድ ክንፏንና አንድ እግሯን አብራ ዘርግታ ትንጠራራለች፣ ከዚያ ነው የምትጮኸው። ደረቷ ላይ እሾህ የመሰለ ነጭ ነገር በቅሏል። አዲስ ላባ ነው አለች አገርነሽ።

እንግዲህ ያልሽውን ሁሉ አደረግሁ። ስሙንም ጠራሁ። ነይ። እንዲህ ማንንም ለምኜ አላውቅም፤ አባቴንም አልለመንኩም። ነይ።

ካሱ (አሻራ)


አዳማ
የካቲት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዮናስ አባት

ደብዳቤህን ለፌቨን አልሰጠኋትም። በር ዘግቼ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ቦዩ ዳር የጠራኸውን እዚህ ሆኜ የሰማሁት መሰለኝ። ስለ ኩታውም አላወቅሁም ነበር። ለምን አልነገርከኝም? አብረን እንቆርጠው ነበር።

እውነቱን ልንገርህ። በጋቢው ተቆጥቼ ነበር፤ አንድ ወር ያህል። ከዚያ አለፈልኝ። ያልመጣሁት በጋቢው አይደለም። እውነቱን መናገር ስላፈርኩ ነው ወፏን፣ ጨርቁን፣ መብራቱን ስጠይቅህ የከረምኩት።

ወደዚህ ስመጣ ምዕራብ ዓባያ ስንቃረብ ነጠላዬን ፊቴ ላይ ጣልኩ። የዮናስ መኪና የተገለበጠበትን ቦታ እንዳላይ ነው። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት የተኛሁ መስሏት ጓደኛዋን «ቀስ ብለሽ አውሪ፣ እናትየዋ ተኝተዋል» አለቻት። ሬዲዮውን እንኳ አስቀነሰችልኝ። መኪናው በሚያዘግምበት ቦታ ሁሉ እዚህ ነው፣ የለም እዚህ ነው እያልኩ ሶዶ ድረስ አልተገለጥኩም። ሶዶ ስወርድ ነጠላዬ እንደ ታጠበ ረጥቦ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሦስት ጊዜ መናኸሪያ ሄጃለሁ። ትኬት ቆርጫለሁ። ሁለት ጊዜ ከበሩ ተመለስኩ። አንድ ጊዜ ተቀምጬ መኪናው ሊነሣ ሲል «አውርዱኝ» ብዬ ጮህኩ። ሰው ሁሉ ዕቃ የረሳሁ መሰለው። ፌቨን ይህን አታውቅም። ሌላ መንገድ እንዳለ ጠየቅሁ፤ በኮንሶ በኩል ዞሮ የሚገባ አለ አሉኝ። እሱንም አሰብኩት። ግን እዚያ ከገባሁ በኋላ የሙዝ መኪና በደጃፌ ሲያልፍ ሁልጊዜ ወደዚያው ቦታ ነው የሚሄደው።

ቤቴ ናፍቆኛል። መቃብሩ ናፍቆኛል። አንተም ትንሽ ናፍቀኸኛል። ግን አልችልም። አንተንም ና አልልህም። ሁለታችንም እዚህ ከሆንን ልጄ እዚያ ብቻውን ይቀራል።

እኔ እዚህ እተኛለሁ። በዚህ ቤት ሌሊት የሚያለቅስ ሕፃን አለ። ስለዚህ ልቅሶው የእኔ ብቻ አይደለም።

የዮናስ እናት


አርባ ምንጭ
መጋቢት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዮናስ እናት

ሽመክት ደብዳቤሽን አነበበልኝ። ጨርሶ ወረቀቱን አጠፈ። አንድ ባለጉዳይ ማመልከቻ ሊያስጽፍ መጥቶ ቆመ። ሽመክት «ዛሬ ተዘግቷል» አለው። ሰውየው ዛፉን ወደ ላይ አየና ሄደ።

በማግስቱ ሚኒባስ ተሳፍሬ ወደ ምዕራብ ዓባያ ሄድኩ። እኔም እኮ ቦታውን አይቼው አላውቅም። ከእሱ ጋር የነበረው ጫኝ ከትንሿ ድልድይ አለፍ ብሎ ግራሩ ጋ ነው ብሎኝ ነበር። «እዚህ አውርደኝ» ስለው ሹፌሩ «አባባ፣ ከተማው ገና ነው፤ እዚህ ምንም የለም» አለኝ። ወረድኩ።

እውነቱን ነው፤ ምንም የለም። ዓመት እንኳ አልሞላውም። ጭረት እፈልጋለሁ፣ የተሰበረ መስተዋት እፈልጋለሁ፣ የለም። ዝናብ አጥቦታል። ግራሩ ቆሟል፣ ቅርፊቱ እንኳ አልተላጠም። ከወዲያ ሐይቁ ቀልቶ ይታያል። አንዲት ፍየል አስፋልቱ ላይ ተኝታለች፤ መኪና ሲመጣ ትነሣለች፣ ሲያልፍ ተመልሳ ትተኛለች። ማንጎ የምትሸጥ ሴት ነበረች። «እዚህ የሙዝ መኪና ተገልብጦ ነበር፣ ታውቂያለሽ?» አልኳት። «እኔ እዚህ መሸጥ የጀመርኩት ከመስከረም ወዲህ ነው አባባ። ማንጎ ልስጥዎ?» አለችኝ። ወሰድኩ። እዚያው ቆሜ በላሁት። ምን ላድርግ?

የሄድኩት አንድ ነገር ልልሽ ነበር። «አየሁት፤ ምንም የለም፤ እንደ ሌላው መንገድ ነው፤ ነይ» ልልሽ። አፌ ላይ አዘጋጅቼው ነበር። ቆሜ ሳየው ግን የከበደኝ ያ ምንም አለመኖሩ ነው። ምልክት ቢኖር ሰው እሱን አይቶ፣ ዞር ብሎ ያልፍ ነበር። ምልክት ከሌለ መንገዱ ሁሉ ያ ቦታ ነው። ስመለስ በእግሬ ብዙ ሄድኩ፤ ተሳፍሬ ማለፍ አቃተኝ። አሁን ገባኝ። ስለዚህ አትምጪ። ደግሜ አልጠይቅሽም። ቁጣ አይደለም።

እኔም አልመጣም። ልክ ብለሻል፤ አንዳችን እዚህ መቅረት አለብን። መቃብሩ ዙሪያ ሣሩን አጭጃለሁ። ግንበኛ አነጋግሬ ድንጋይ አስቀርጫለሁ። ስሙ ሙሉውን ይጻፍበታል፣ የአያቱም ጭምር። ግንበኛው የጻፈውን ሽመክት ሄዶ ያነበዋል፣ ዘበኛውም ያነበዋል። ሁለቱ አንድ ዓይነት ካነበቡ እከፍላለሁ።

ወፏን ግን እልክልሻለሁ። ላንቺ ነው የመጣችው። እኔ እሸፍናታለሁ እንጂ አላወራትም፤ አንቺ ታወሪያታለሽ። ላባዋ ሞልቷል። ደህና ሆና ነው የምትመጣው።

እኔ የተማርኩትን ልንገርሽ፣ ቤቱ ሌላ ነውና። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ማታዎች ጎጆዋን በአንድ ጊዜ አትሸፍኚ፤ ትደነግጣለች። መጀመሪያ ከኋላ፣ ከዚያ ጎንና ጎኑን፣ ከዚያ ከላይ። ፊቱን መጨረሻ ሸፍኚ፤ እስከዚያ ትይሽ። ሕፃኑ ሲያለቅስ ብትባንን ጨርቁን አትግለጪ፤ ድምፅሽን ብቻ አሰሚያት። ጨርቁ ሲቆሽሽ በቀዝቃዛ ውሃ እጠቢው፣ በሙቅ ከሆነ ቀለሙ ይለቃል። ሁለተኛ ቅያሪ ሠርቼ ከታች አጣጥፌ አስቀምጫለሁ።

ቅዳሜ ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት የሚነሣው የአዳማ አውቶቡስ ይወስዳታል። ሹፌሩ ፈቃደ ይባላል፤ አባቱን አውቀዋለሁ። ከፊት ወንበር ላይ በቀበቶ አስሮ ያስቀምጣታል። ጎጆዋ እንደተሸፈነ ነው የሚሄደው። የተሸፈነች ወፍ ሌሊት ይመስላታል። ሶዶን እስኪያልፍ ጨርቁን እንዳይነካው አስምዬዋለሁ። «ለምን?» አለኝ። «አንተ አሽከርክር» አልኩት። ያንን ቦታ ተኝታ ታልፈዋለች። ከመካከላችን አንዱ እንኳ ተኝቶ ይለፈው።

አርባ ዓመት በአንድ ጣራ ሥር ኖርን። የቀረውን በወረቀት እንኖራለን። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ሁለቱም አሉን።

መኪናው አሥር ሰዓት ገደማ ይገባል። ፌቨን ሄዳ ትቀበላት። አንቺ መናኸሪያ አትምጪ። እቤት ሆነሽ ጠብቂያት።

የዮናስ አባት ካሱ (አሻራ)